የሕፃን እጅ አይታሰር



በዓመት አንድ ጊዜ በምትወጣው በዚህች መጽሔታችን ላይ ብዙውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ ራሳችን፣ ማለት ስለ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነው። ስለ ፈተናችን፣ ስለ ስፖርት ውድድራችን፣ ነገ ልንገባበት ስለምንመኘው ዩኒቨርሲቲ እንጽፋለን። እኔ ግን ዘንድሮ የተሰጠኝን ገጽ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ስለሚማሩት ታናናሾቻችን ላውለው ወድጃለሁ። ቤት የሚጸናው በመሠረቱ ነውና፣ የእኛም ትምህርት የሚጠነክረው ወይም የሚደክመው እዚህ ከመድረሳችን አስቀድሞ በነዚያ ስምንት ዓመታት ውስጥ ነው።

ሐሳቤን አስቀድሜ ባጭሩ ልናገር። ሕፃን የሚማረው በጆሮው ብቻ ሳይሆን በእጁም ጭምር ነው። እጁ ሠርቶ፣ ዓይኑ አይቶ፣ ልቡ ጠይቆ ያገኘው ነገር እንዲሁ ከሰማው ነገር ይልቅ ጸንቶ ይኖርለታል። ስለዚህ በአንደኛና በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ልጁ ሥራውን ራሱ መርጦ በእጁ የሚሠራበት፣ ሠርቶም ያገኘውን ቆሞ የሚናገርበት ጊዜ በየሳምንቱ ሊመደብለት ይገባል እላለሁ። ይህን ስል መምህር ይቅር፣ መጽሐፍ ይጣል፣ ልጅም እንዳሻው ይሁን ማለቴ እንዳይደለ ከዚህ በታች የምጽፈው ያስረዳል።

አንድ ልጅ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ሞልቶት ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ እንደ ባዶ እንስራ ሆኖ አይመጣም። ማንም ሰዋስው ሳያስተምረው የአፍ መፍቻ ቋንቋውን አቀላጥፎ ይናገራል። በእቃ እቃ ጨዋታ የቤት አያያዝን፣ በቅልሞሽ ቁጥርንና የእጅ ቅልጥፍናን፣ በገበጣ አስቀድሞ ማሰብን ተምሯል። ከሽቦና ከቆርኪ መኪና፣ ከአሮጌ ካልሲ ኳስ ይሠራል። መኪናው ወደ አንድ ወገን እየጠመመ አልሄድ ሲለው ቁጭ ብሎ ጎማውን ይመረምራል፤ ሽቦውን ያቃናል፤ እንደገና ይሞክራል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ማንም አላስገደደውም፤ ማርክም የሚሰጠው የለም።

ታዲያ ይህ ሠራተኛ የሆነ ልጅ ከክፍል ሲገባ ከሚሰማቸው የመጀመሪያ ትእዛዞች አንዱ ‹‹እጃችሁን አጣጥፋችሁ ተቀመጡ!›› የሚል ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ መምህሩ ይናገራል፤ እርሱ ይቀበላል። ከሰሌዳ ወደ ደብተር ይገለብጣል፤ ለፈተና ያጠናል፤ ፈተናው ሲያልፍ ይረሳል። ለዚህ መምህራኖቻችንን መውቀስ አይገባም። እነርሱም የተማሩት እንዲሁ ነው፤ የሚያስተምሩትም በአንድ ክፍል ስድሳና ሰባ ልጅ ይዘው ነው። ነገር ግን ልማድ ስለሆነ ብቻ አንድ ነገር ትክክል ነው ማለት አይቻልም።

በዚህ ረገድ ብዙ የደከሙ ሰዎች በሌላው ዓለም ነበሩ። ከነዚህም አንዷ ጣሊያናዊቷ ዶክተር ማሪያ ሞንቴሶሪ ናቸው። (የውጭ አገር ታሪክ ስጠቅስ ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ዶክተር ሞንቴሶሪ በ1870 ተወልደው በ1896 ከሮማ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። በመጀመሪያ የሠሩት ‹‹አእምሮአቸው ደካማ ነው፤ መማር አይችሉም›› ተብለው በተተዉ ሕፃናት መካከል ነበር። ለነዚህ ልጆች የሚዳሰስ፣ የሚገጣጠም፣ የሚደረደር መሣሪያ እየሰጡ ቢያስተምሯቸው አንዳንዶቹ ለሌሎቹ ልጆች የተዘጋጀውን ፈተና አለፉ። ሰው ሁሉ በደካሞቹ ልጆች ማለፍ ሲደነቅ ዶክተሯ ግን ሌላ ነገር አሳሰባቸው፤ ይኸውም ጤናማዎቹን ልጆች ከነዚህ እኩል እስኪሆኑ ድረስ ወደ ኋላ የያዛቸው ምንድን ነው? የሚል ጥያቄ ነው። ይህን ጥያቄ እኛም ልንጠይቀው የሚገባን ይመስለኛል።

በ1907 በጃንዋሪ ወር በ6ኛው ቀን ሳን ሎሬንዞ በተባለው የሮማ የድሆች ሰፈር ‹‹የሕፃናት ቤት›› የተባለው የመጀመሪያ ትምህርት ቤታቸው ተከፈተ። የሰፈሩ ወላጆች ቀን ቀን ለሥራ ስለሚወጡ ሕፃናቱ ብቻቸውን እየዋሉ የሕንፃውን ግድግዳና ደረጃ ያበላሹ ነበር። የሕንፃው ባለቤቶች የፈለጉት ልጆቹን የሚጠብቅ ሰው ብቻ ነበር። ዶክተሯ ግን መሣሪያዎቻቸውን አምጥተው ለልጆቹ ሰጡ። አንድ ቀን አስተማሪዋ ዘግይታ ብትመጣ ልጆቹ ቁም ሣጥኑን ራሳቸው ከፍተው እያንዳንዳቸው የወደዱትን መሣሪያ ይዘው በጸጥታ ሲሠሩ አገኘቻቸው። አስተማሪዋ እንደ ሌብነት ልትቈጥረው ፈልጋ ነበር። ዶክተሯ ግን ልጆቹ መምረጥ እንደሚችሉ ከዚህ ተረዱ፤ የሚቈለፈውንም ሣጥን አስቀርተው የልጅ እጅ የሚደርስበት ዝቅተኛ መደርደሪያ አሠሩ።

በ1916 ደግሞ ይህ አሠራር ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች እንዴት እንደሚሆን የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተሙ። በዚህ አሠራር የሦስት ዓመት የዕድሜ ልዩነት ያላቸው ልጆች ባንድ ክፍል ይማራሉ፤ ትልቁ ታናሹን ይረዳል። ደወል ሳያቋርጣቸው ለረጅም ሰዓት ባንድ ሥራ ላይ ይቈያሉ። በዕድሜ ለጐለመሱት ደግሞ ከመሬት ጋር ተገናኝተው እያረሱ፣ እየሸጡ፣ ሒሳቡንም እየያዙ የሚማሩበት ሥፍራ እንዲኖር መክረዋል። ዶክተሯ ጣሊያናዊት በመሆናቸው ቅር የሚለው አንባቢ ቢኖር ይህን ይወቅልኝ፤ የፋሺስቱ መንግሥት በመጀመሪያ ደግፏቸው ነበር፤ በኋላ ግን አልተስማሙምና በ1934፣ ማለት አገራችን ከመወረሯ ከአንድ ዓመት በፊት፣ ጣሊያንን ለቀው ወጡ፤ ትምህርት ቤቶቻቸውም ተዘጉ። እኔ ሲመስለኝ፣ ራሱ መርጦ፣ ራሱ ሠርቶ፣ ራሱ ማሰብን የለመደ ልጅ እንዲያው ታዘዝ ብቻ ለሚል ገዥ አይመችም።

ከአሜሪካም አንድ ምሳሌ ልጨምር። ፕሮፌሰር ጆን ዲዊ በ1896 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሥር አንድ የሙከራ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በዚያም ልጆቹ ምግብ ያበስሉ፣ እንጨት ይጠርቡ፣ ልብስ ይሸምኑ ነበር። ሱፍንና ጥጥን በእጃቸው ሲፈትሉ የጥጥ ፍሬ ከጭረቱ ለመለየት ምን ያህል እንደሚያደክም ያያሉ፤ ከዚያም ተነሥተው የልብስን ታሪክ፣ የመኪናን መፈልሰፍ፣ የንግድን ነገር ይማራሉ። ፕሮፌሰሩ በ1899 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ተረኩት፣ ለትምህርት ቤታቸው የሚስማማ ጠረጴዛና ወንበር ፍለጋ ከተማውን ሲዞሩ የልባቸውን የሚያደርስ አጡ። ከነጋጋዴዎቹ አንዱ ምክንያቱን ገባውና፣ እርሳቸው የሚፈልጉት ልጆች ሊሠሩበት የሚችሉትን ሲሆን በገበያ ያለው ሁሉ ግን ለመስማት ብቻ የተሠራ መሆኑን ነገራቸው። የእኛንስ ዴስኮች እስቲ ተመልከቷቸው! ሦስት ልጅ ጐን ለጐን ተጣብቆ ፊቱን ወደ ሰሌዳ አድርጎ የሚሰማባቸው ናቸው እንጂ የሚሠራባቸው አይደሉም።

አሁን አንዳንድ አንባቢ ‹‹ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ለእኛ አገር አይሆንም›› ይል ይሆናል። እኔ ግን ነገሩ ለእኛ አዲስ እንዳልሆነ ለማስረዳት ወደ አባቶቻችን ትምህርት ቤት እመለሳለሁ።

የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ በስንደዶ እየጠቈመ ፊደል ይቈጥራል፤ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስን፣ ቀጥሎም ዳዊትን ይደግማል። ይህ የንባብ ቤት ነው፤ ሥራውም መቀበልና መድገም ነው። ከፍ ብሎ ወደ ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ግን ሌላ ዓለም ያገኛል። ግሱንና አገባቡን ከመምህሩ ይቀበላል፤ ይህ የማይቀር ነው። ነገር ግን በየዕለቱ ከጓደኞቹ ተለይቶ ከዛፍ ሥር ወይም ከሜዳ ላይ ብቻውን ተቀምጦ የራሱን አዲስ ቅኔ ይቈጥራል። ሁለት ቤት ብቻ ባለው በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እየበረታ ሲሄድ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ፣ ወደ ዋዜማ፣ በመጨረሻም ወደ መወድስ ይደርሳል። የቈጠረውንም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርምለታል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ይዞ ቢቀርብ አይቈጠርለትም፤ የሰው ቅኔ ቢያመጣም ያፍራል። የበሰለው ተማሪ ደግሞ አስነጋሪ ሆኖ የጀማሪዎቹን ቅኔ ይሰማል፤ ያቃናል።

እንግዲህ ልብ እንበል። በቅኔ ቤት ተማሪው ራሱ ይፈጥራል፤ መምህሩ ይመራል፤ ትልቁ ታናሹን ያስተምራል፤ እያንዳንዱም እንደ ችሎታው በራሱ ፍጥነት ይራመዳል። ሞንቴሶሪና ዲዊ በሮማና በቺካጎ የደከሙበት ነገር አብዛኛው በጎጃምና በጎንደር ገዳማትና አድባራት ጥላ ሥር ሲሠራበት የኖረ ነው። የሚያሳዝነው፣ ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ከአባቶች የወረሰው የንባብ ቤቱን መድገም ሲሆን የቅኔ ቤቱን መፍጠር ግን ከደጅ ጥሎት መግባቱ ነው። አባቶች ለፍጥረት የበቃውን ተማሪ ለመለየት ብዙ ዓመት ይጠብቁ ነበር። እኛ ደግሞ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ጠብቀንም መፍጠሩን አላስጀመርነውም።

የዚህም ውጤት ተሰውሮ አልቀረም። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ሆነ። ለዚህ ውድቀት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የሰላም መጥፋት፣ የበሽታው ዘመን ያስከተለው መቋረጥ፣ የመጻሕፍት እጥረትና ሌላም አለ። ሁሉንም በአንድ ነገር ላይ መጫን እውነት አይሆንም። ነገር ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰማ ተማሪ፣ የሰማውን ባላሰበው መልክ ሲጠይቁት የሚጠፋበት ለምንድን ነው? ቃሉን እንጂ ነገሩን ስላልጨበጠው ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ከቤቴ ያየሁትን ልናገር። አራተኛ ክፍል የምትማር ታናሽ እኅት አለችኝ። 1 ሊትር 1000 ሚሊ ሊትር እንደሆነ ደጋግማ ነግራኛለች፤ በፈተናም አግኝታዋለች። አንድ ቅዳሜ ግን ባለ 5 ሊትሩ የዘይት ጀሪካን ስንት ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ይይዛል? ብዬ ብጠይቃት ‹‹አምስት›› አለችኝ። እኔም መልሱን ሳልነግራት ጀሪካኑን፣ ጠርሙሱንና ማጥለያውን ከውሃ ባልዲ ጋር ሰጠኋት። ስትሞላ፣ ስትቈጥር፣ አምስት ላይ ደርሳ ጀሪካኑ ግማሽ መሆኑን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። አሥር ላይ ሲሞላ ሮጣ ወደ እናታችን ሄደች። ከዚያ በኋላ እኔ ሳላዝዛት ባልዲውን፣ ድስቱን፣ ጀበናውን ሁሉ እየለካች ዋለች፤ ያገኘችውንም በደብተሯ ጀርባ ጻፈች። የጀበናው ነገር በተለይ አስገርሟት ነበር፤ ከአንገቱ ጠባብነት የተነሣ ከሚይዘው በታች ገምታው ነበርና። ያን ቀን የተማረችው የወጣችው ወጪ የሌለበት ነው፤ ውሃውም ተመልሶ ለልብስ አጠባ ዋለ።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቹ ሐሳብ ልምጣ፤ እነርሱም ያለ ምክንያት አይናገሩምና።

አንደኛው፣ ልጅ የሚበጀውን አያውቅም፤ ምርጫ ከተሰጠው ጨዋታ ብቻ ይመርጣል የሚል ነው። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። በ2006 ፖል ኪርሽነር፣ ጆን ስዌለርና ሪቻርድ ክላርክ የተባሉ ሦስት ሊቃውንት ባወጡት ጽሑፍ፣ ለነገሩ አዲስ የሆነ ተማሪ ያለ በቂ መሪ ‹‹ራስህ ፈልገህ አግኝ›› ቢባል ብዙ እንደማይጠቀም አስረድተዋል። እኔም እስማማለሁ። ስለዚህ ልጁ የሚመርጠው መምህሩ አስቦ ካዘጋጃቸው ሦስት ወይም አራት ሥራዎች መካከል ይሁን እላለሁ። እረኛ ከብቱን በየሣሩ ላይ አያጐርስም፤ ወዳለመለመው መስክ ይመራዋል እንጂ። የቅኔ መምህርም ግስና አገባብ ሳያስጨብጥ ተማሪውን ወደ ሜዳ አይሰደውም።

ሁለተኛው፣ እንዲህ የተማረ ልጅ በፈተና ይወድቃል የሚል ነው። በዚያው በ2006 አንጀሊን ሊላርድና ኒኮል ኤልስ-ኩዌስት የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ በሚልዋኪ ከተማ ያደረጉትን ጥናት ‹‹ሳይንስ›› በተባለው መጽሔት አውጥተዋል። ያወዳደሩትም በዕጣ ወደ ሞንቴሶሪ ትምህርት ቤት የገቡትን ልጆች ዕጣው ሳይደርሳቸው ቀርቶ ሌላ ቦታ ከተማሩት ጋር ነው። ከአምስት ዓመት ልጆች መካከል የሞንቴሶሪዎቹ በንባብና በሒሳብ በልጠው ተገኙ። ከአሥራ ሁለት ዓመቶቹ ደግሞ የሞንቴሶሪዎቹ የጻፉት ታሪክ የበለጠ ፈጠራ ያለበትና ዓረፍተ ነገሩም የተራቀቀ ሆነ፤ በንባብና በሒሳብ ፈተና ግን ከሌሎቹ እኩል ነበሩ። እንግዲህ ጥናቱ በአንድ ከተማ ብቻ የተደረገ ቢሆንም፣ በእጁ የተማረው ልጅ በፈተና አልተጐዳም፤ በሌላው ግን ተጠቀመ ማለት ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው፣ የክፍሉ ብዛትና የገንዘብ እጦት ነው። ይህን ማቃለል አልፈልግም። ነገር ግን 60 ልጅ ያለበት ክፍል በ10 ቡድን ቢከፈል በእያንዳንዱ 6 ልጅ ይሆናል። ከነዚህም አንዱ የገባው ልጅ ለአምስቱ አስነጋሪ ሊሆን ይችላል። መሣሪያውን በሚመለከት ደግሞ፣ ከውጭ አገር በውድ ዋጋ የሚመጣውን ማለቴ አይደለም። በአንዳንድ የመዋዕለ ሕፃናት በር ላይ ‹‹ሞንቴሶሪ›› የሚል ጽሑፍ እናነባለን፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ልጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው ይገኛሉ። ስሙን መለጠፍ ሳይሆን ነገሩን መሥራት ነው የሚጠቅመው፤ ነገሩም ከጓሮአችንና ከማጀታችን ይገኛል። ጥቂት ምሳሌዎችን ልዘርዝር።

ለቁጥር፤ አሥር አሥር ባቄላ በክር ላይ ይሰካ። አሥር እንዲህ ያለ ክር ጐን ለጐን ሲታሰር መቶ ይሆናል፤ አሥር መቶ ሲደራረብ ሺህ ይሆናል። ሺህ ምን ያህል እንደሆነ በሁለት እጁ አንሥቶ ክብደቱን ያወቀ ልጅ ዜሮ መጨመርን እንደ ቀልድ አይመለከተውም።

ለክፍልፋይ፤ እንጀራ አለልን። ግማሹን፣ ኩርማኑን፣ የኩርማኑን ግማሽ በካርቶን ቈርጦ የገጣጠመ ልጅ፣ ሁለት ስምንተኛ ከአንድ አራተኛ ጋር እኩል መሆኑን መሐላ አያስፈልገውም።

ለንባብ፤ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ቤት 231 ይሆናሉ። እነዚህን በትናንሽ ካርቶን ላይ ጽፎ ማደባለቅና ልጆቹ የሚመሳሰሉትን እንዲለዩ ማዘዝ ይቻላል። ሉ፣ ሙ፣ ሱ፣ ቡ ሁሉ በቀኝ ጐናቸው ጭረት እንዳላቸው፣ ሌ፣ ሜ፣ ሴ፣ ቤ ደግሞ ከእግራቸው ቀለበት እንዳለባቸው ልጁ ራሱ ሲያገኘው ደስታው ወሰን የለውም። ሩ እና ፉ ከወንድሞቻቸው የተለዩ መሆናቸውንም ያየ ልጅ፣ ሕግ እንዳለ፣ ከሕግም የሚወጣ እንዳለ ባንድ ጊዜ ይማራል።

ለአካባቢ ሳይንስ፤ ባቄላ በብርጭቆ ውስጥ በእርጥብ ወረቀት ተደግፎ ይብቀል። ባቄላው ተገልብጦ ቢቀመጥም ሥሩ ዞሮ ወደ ታች እንደሚወርድ ልጁ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያያል።

ከፍ ላሉት፣ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ደግሞ፣ በግቢው መካከል አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ይተከልና የቀትር ጥላው በየሳምንቱ ይለካ። አጭሩ ጥላ የሚውለው ልክ በስድስት ሰዓት ሳይሆን ጥቂት ደቂቃዎች ካለፉ በኋላ መሆኑን በአዲስ አበባ ያለ ልጅ ያገኛል። ከዚህም የሚበልጥ ነገር ያገኛል፤ በአብዛኛው ዓመት ወደ ሰሜን የሚወድቀው የቀትር ጥላ ከሚያዝያ መጀመሪያ በኋላ ዞሮ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ግድም ድረስም እንዲሁ ይቈያል። ምክንያቱም ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምንገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናታችን ላይ ታልፋለች። ይህን ከመጽሐፍ ያነበበ ይረሳዋል፤ በእንጨትና በገመድ የለካው ግን አይረሳውም።

ለዚህ ሁሉ በሩ የተዘጋ አይደለም። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ለታችኞቹ ክፍሎች የክወናና እይታ ጥበባት፣ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ደግሞ የሙያና የቴክኒክ ትምህርት ተመድቧል። ነገር ግን ስለ መጋዝ ዓይነት ከሰሌዳ እየገለበጡ መጻፍ የእጅ ሥራ ሊባል አይችልም። ዋና ስለ መማር ከመጽሐፍ ያጠና ሰው ወንዝ ሲሻገር የሚሆነውን ሁላችን እናውቃለን።

ስለሆነም ለሦስት ወገኖች ልመናዬን አቀርባለሁ።

ለመምህራኖቻችን፤ በሳምንት ውስጥ ከሚገኙት ከሰዓት በኋላዎች አንዱ፣ ሁለት ክፍለ ጊዜ ተያይዞ፣ ለሥራ ይመደብ። በዚያ ሰዓት ልጁ ከተዘጋጁት ሥራዎች አንዱን ይምረጥ፤ የጀመረውን ይጨርስ፤ በመጨረሻም ያደረገውንና ያገኘውን ግማሽ ገጽ ይጻፍ ወይም ቆሞ ይናገር። ያልተሳካለትም ቢሆን ለምን እንዳልተሳካ ከተናገረ ሙሉ ዋጋ ይሰጠው።

ለወላጆች፤ ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ‹‹ስንት አገኘህ?›› ብቻ ሳይሆን ‹‹ዛሬ ምን ሠራህ? ምንስ ጠየቅህ?›› በሉት። ልብሱ በጭቃ ተበላሽቶ ቢመጣ ከመቈጣታችሁ በፊት ጭቃው ከምን ሥራ እንደ መጣ ስሙት። ሽመና፣ ሸክላ፣ ቀጥቃጭነትና አናጢነት የሚያውቅ ወላጅም ወደ ትምህርት ቤቱ መጥቶ ሙያውን ቢያሳይ ትምህርትም ይሰጣል፤ በአገራችን ባለ እጅን በሚንቀው ክፉ ልማድ ላይም መልስ ይሆናል። ሸማኔንና ሸክላ ሠሪን እየናቀ ያደገ ልጅ በኋላ መሐንዲስ ሁን ቢባል እጁን ከሥራ ማገናኘት ያፍራል።

ለእኛ ለተማሪዎች፤ ከሁላችን ይልቅ ይህ ሥራ የሚቀርበው ለእኛ ነው። የሳይንስ ክበባችን ባቄላውን በክር መሰካት፣ ካርቶኑን መቍረጥ፣ የጥላውን እንጨት መትከል አያቅተውም። በየሳምንቱ ከእኛ አሥር ሰዎች በአቅራቢያችን ወዳለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እየሄዱ አስነጋሪ ቢሆኑ፣ መምህሩ 60 ልጅ ብቻውን ከመያዝ ያርፋል። እኛም ብንሆን እንጠቀማለን፤ ሰው አንድን ነገር በእውነት ማወቁን የሚያረጋግጠው ለሕፃን ማስረዳት ሲችል ነውና። ይህን ለማድረግ ከማንም ትእዛዝ መጠበቅ አያስፈልገንም፤ የርእሰ መምህራኑ ፈቃድና የእኛ ፈቃደኝነት ይበቃል። ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ስሙን ለክበቡ ጸሐፊ እንዲሰጥ በዚህ አጋጣሚ አሳስባለሁ።

አገራችን ነገ የምትፈልገው ድልድይ የሚሠራ፣ ዘር የሚያሻሽል፣ መድኃኒት የሚቀምም፣ የተበላሸውን የሚጠግን ሰው ነው። ይህ ሰው ዛሬ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ሦስት ልጅ በተጣበቀበት ዴስክ ላይ፣ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። የመጀመሪያው እርዳታችን እጁን መፍታት ይሁን።